ካልሰቀልክ ታሰቃያለህ

«ፋርማሲ ምን ጥናት ይፈልጋል? ከመደርደሪያ አውርዶ መስጠት ነው!»

ስሙት! ይህን የሚለው ሰውዬ በየቡናው፣ በየታክሲው፣ በየሠርጉ አለ። የእህቱ ልጅ 10ኛ ክፍል ናት፣ ፋርማሲ መማር ትፈልጋለች፣ እሱ ሲኒውን እያሽከረከረ ደብተሯን ያስዘጋታል። ስም አውጥቼለታለሁ፤ ጋሽ አውርዴ። ና እስቲ ጋሽ አውርዴ፣ ሰው ፊት እንነጋገር። እናንተም ጠጋ በሉ፣ ቦታ አለ።

ሥራው ማውረድ ከሆነ መሰላልም ይሠራዋል። አንተ የምታወርደው ካርቶን ነው። ፋርማሲስት የሚያወርደው ትኩሳት ነው፣ ግፊት ነው፣ ስኳር ነው። ካርቶን ለማውረድ ክንድ ይበቃል። ግፊት ለማውረድ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ያልወረደ ውጤት ይጠይቃል!

በል ትኩሳት አውርድ። 12 ኪሎ የምትመዝን ሕፃን በእናቷ እቅፍ መስኮትህ ጋ ደርሳለች። ፓራሲታሞል በኪሎ 15 ሚሊ ግራም እንስጣት። 12 ጊዜ 15፣ 180 ሚሊ ግራም። ጠርሙሱ ደግሞ በ5 ሚሊ ሊትር ውስጥ 120 ሚሊ ግራም አለኝ ይላል። ስንት ሚሊ ሊትር ትቀዳለህ? ጣሪያ ጣሪያውን አትይ፣ እዚያ አልተጻፈም! 7.5 ነው። ደስ ብሎህ ከሆነ ቆይ። በሚቀጥለው ሳምንት ያው መድኃኒት በሌላ ጠርሙስ መጣ፤ ይሄኛው በ5 ሚሊ ሊትር 250 ሚሊ ግራም የያዘ። የለመድከውን 7.5 ቀዳህላት። ልጅቷ 375 ሚሊ ግራም ጠጣች፤ ከሚገባት ከእጥፍ በላይ። በቀን አራቴ ለተከታታይ ቀናት ሲደጋገም ጉበቷ ነው የሚከፍለው። ግራም ያልገባው ሰው እናት ግራ ያጋባል። በግምት የሚሠራው ሽሮ ነው ጋሽ አውርዴ፤ ሽሮፕ አይደለም!

«አንድ ማንኪያ በሏት» ነው የምትለው? የትኛውን ማንኪያ? የሻይ ማንኪያው 5 ሚሊ ሊትር ተብሎ ይታሰባል፣ የሾርባው 15። በአንድ ቃል ሦስት እጥፍ ሰጠህ። እናትየው ቤቷ ያላትን ማንኪያ ታነሳለች፤ ምን ታድርግ፣ አንተ መለኪያ ስትማር ተኝተሃል።

«ሒሳብ ላይ ነጥብ አጥቼ ነው እንጂ…» አልክ? ነገሩ ሁሉ እኮ ነጥብ ላይ ነው! ዲጎክሲን የሚባል የልብ መድኃኒት አለ፣ ክኒኑ 0.25 ሚሊ ግራም። ነጥቧ አንድ ቤት ከተንሸራተተች 2.5 ሆነ፤ 10 እጥፍ። ለዚህ ነው በሙያው ግማሽ ሚሊ ግራም ሲጻፍ ዜሮው ከፊት የማይቀረው፤ 0.5 ይባላል። ሙሉ 5 ሲጻፍ ደግሞ ዜሮ ከኋላ አይጎተትም፤ 5.0 በችኮላ ሲነበብ 50 ነውና። በፈተና ወረቀት ነጥብ ብትስት ነጥብ ይቀነስብሃል። በማዘዣ ወረቀት ነጥብ ብትስት ሰው ይቀነሳል።

«ሎጋሪዝምን ግን ከክፍል ውጭ ማን አይቶት ያውቃል?» አንተ አላየኸውም፤ እሱ ግን አይቶሃል። ጠዋት የዋጥከው ክኒን ከደምህ የሚወጣው በእሱ ሕግ ነው። ያንኑ ዲጎክሲን እንውሰድ። ኩላሊቱ ደህና በሆነ ሰው ግማሹ ተጣርቶ እስኪወጣ 36 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ከቀረው ግማሹ ሌላ 36። ከዚያም ግማሹ፣ ከዚያም ግማሹ። አምስተኛው ዙር ላይ የቀረው ከ32 አንድ እጅ ነው። 5 ጊዜ 36፣ 180 ሰዓት፤ ሰባት ቀን ተኩል። መድኃኒቱ የበዛበት ሰው አልጋ ላይ ተኝቶ ሐኪሙ «መቼ ይለቀዋል?» ሲል መልስ የሚሰጠው ያ የ10ኛ ክፍል የሎጋሪዝም ምዕራፍ ነው። አንተ የሸሸኸው ምዕራፍ!

ኩላሊቱ ከደከመስ? እስክሪብቶ ያዝ። ከ140 ላይ ዕድሜውን ቀንስ። በክብደቱ አባዛ። በደሙ ያለውን ክሬአቲኒን በ72 አባዝተህ ለእሱ አካፍል። ሴት ከሆነች ውጤቱን በ0.85 አባዛ። ኮክሮፍትና ጎልት እ.ኤ.አ. በ1976 ያወጡት ቀመር ነው፤ ዛሬም የስንቱ መድኃኒት መጠን በእሱ ይቀነሳል ይጨመራል። መቀነስ፣ ማባዛት፣ ማካፈል፤ አለቀ። ከባዱ ነገር ስሌቱ አይደለም፤ ክብደቱን በኪሎ፣ ክሬአቲኒኑን በትክክለኛው መለኪያ ማስገባት ነው። መለኪያውን እየጣልክ ቁጥሩን ብቻ ይዘህ ስትሮጥ ያደግክ ልጅ እዚህ ላይ ትያዛለህ። ክፍል ውስጥ ከጎንህ ያለው ያሳይህ ነበር። ኩላሊት ግን በኩረጃ አይሠራም!

አሁን ወደ ኬሚስትሪ ልውሰድህ። ላብህን ጥረግ።

«ኬሚስትሪውን አበዙት» አለ። ኬሚስትሪው አልበዛም፣ አንተ ነህ ያነስክበት። ሞል ሲባል ቦሌ ያለ የገበያ ሕንፃ ይታይሃል። ቦንድ ሲባል ለግድቡ የገዛኸው ወረቀት ይታይሃል። ቤዝ ሲባል ጊታር ይታይሃል። እንዲህ ሆነህ ነው የሰው ልጅ ደብተር የምታስዘጋው?

ሞሉን ልቁጠርልህ። ፖታሲየም ክሎራይድ በደም ሥር ሲሰጥ በሚሊ ሞል ተቆጥሮ፣ በብዙ ፈሳሽ ተበርዞ፣ በዝግታ ነው የሚንጠባጠበው። ሳይበረዝ ባንዴ ከገባ ልብ ቀጥ ይላል። ሞል ያልቆጠረ ልብ ያቆማል፤ ያኔ ቦሌ ያለው ሞልህ ቢከፈት ባይከፈት ምን ሊረባህ!

ቦንዱን ላሳይህ። ቴትራሳይክሊንን በወተት ዋጠው አልከው፤ «ጨጓራህን እንዳይነካህ» ብለህ፣ አዛኝ ቅቤ አንጓች! ወተት ውስጥ ካልሲየም አለ። መድኃኒቱና ካልሲየሙ እጅ ለእጅ ይያያዛሉ፣ አንጀት ሊመጥጣቸው ያቅተዋል፣ እንደገቡ ይወጣሉ። የግድቡ ቦንድ ወለድ ይወልዳል። ይሄኛው ቦንድ ጀርም ያስወልዳል።

ቤዙንም አልተውልህም። ኦሜፕራዞል የጨጓራን አሲድ ይቀንሳል፤ ይህን አንተም ታውቃለህ፣ ኪስህ ውስጥ አለ። ኢትራኮናዞል የሚባለው የፈንገስ መድኃኒት ካፕሱሉ እንዲሟሟ ያንኑ አሲድ ይፈልጋል። ሁለቱን ባንድ ላይ ካዋጥከው አሲድ የለም፣ መሟሟት የለም፣ ፈንገሱ እግር ዘርግቶ ይኖራል። ሟሚ፣ አሟሚ፣ ሙሙት እየተባለ ከልጅነትህ ጀምሮ ሲነገርህ በመስኮት ኳስ ታይ ነበር። ሙሙት ያልገባው ሰው ሙት ያበዛል ጋሽ አውርዴ!

«እንግሊዝኛስ ለክኒን ምን ያደርጋል? ክኒን አያወራ!» ክኒኑ አያወራም፣ ካርቶኑ ግን ያወራል፤ የሚያወራውም በእንግሊዝኛ ነው። ሃይድራላዚን ግፊት ያወርዳል። ሃይድሮክሲዚን ማሳከክ ያስታግሳል፣ እንቅልፍም ያመጣል። በእንግሊዝኛ ሲጻፉ የመጀመሪያዎቹ አራት ፊደሎቻቸው አንድ ናቸው፣ የመጨረሻዎቹም አራቱ አንድ ናቸው፣ 25 ሚሊ ግራም ክኒን ሁለቱም አላቸው። ፊደል ዘልሎ የሚያነብ ሰው መካከሏን ይስታታል። ከዚያ ግፊት ያለበት ይተኛል፣ የሚያሳክከው ይወድቃል። በየማታው አንድ ገጽ እንግሊዝኛ እየጮኸች ስታነብ «ዝም በይ» ያልካት የእህትህ ልጅ ለዚህ ነበር የምትጮኸው።

ፊዚክስን ቶሎ ልለፈው፣ ሰዓት ሄደ። ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ይቀመጣል፤ በረዶ ከሠራ ይበላሻል። አንተ ግን «በደንብ ይቀዝቅዝ» ብለህ ከሥጋው ጋር ፍሪዘር ትከተዋለህ። ጠርሙስ ላይ «በደንብ ነቅንቁ» የሚለውም ለዳንስ አይደለም። ዱቄቱ ታች ይዘቅጣል፤ ሳይነቀነቅ የተቀዳ እንደሆነ የመጀመሪያው ቀን ልጁ ውሃ ይጠጣል፣ የመጨረሻው ቀን መድኃኒቱን ሁሉ ባንዴ ይጠጣል።

«ተወኝ እባክህ፣ ፋርማሲ ሕክምና ያልመጣለት የሚገባበት ፍርፋሪ ነው።» ፍርፋሪ? ዋርፋሪን ለማለት ፈልገህ ይሆናል! ዋርፋሪን ደም እንዳይረጋ የሚሰጥ መድኃኒት ነው። እሱን በሚወስድ ሰው ላይ ሜትሮኒዳዞል ሲጨመር የዋርፋሪኑ ጉልበት ያይላል፣ ደም ያለ ቦታው ሊፈስ ይችላል። ሁለቱን በአንድ ማዘዣ ላይ አይቶ ስልክ የሚያነሳው፣ ሐኪሙን «ዶክተር፣ ይህቺን አንዴ ብናያት» የሚለው ማን ነው? ፍርፋሪ ያልከው! ሐኪም ጥሩ ሲሆን ያመሰግነዋል፤ ታማሚው ግን ምን እንደተረፈ እንኳ ሳያውቅ ቤቱ ይገባል። ይህን ሙያ የምወደው ለዚህ ነው። ሁለተኛ ምርጫው አድርጎ የሚገባ ልጅ ቢኖርም ሁለተኛ ዓይን ሆኖ ነው የሚወጣው።

አሁን ወደ ቅጠል ዞረ። «አያቶቻችን ያለ ኬሚስትሪ ቅጠል በጥሰው ያድኑ የለም እንዴ?» ያድኑ ነበር፤ እነሱ ግን መጠን ያውቁ ነበር፣ አንተ ቅጠሉን ከግንዱ አትለይም! እንዶድን ታውቀዋለህ፤ ነጠላ ይታጠብበታል። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ወንዝ ዳር ወረደ። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው አየ። ቀንድ አውጣው የቢልሃርዝያ አስተላላፊ ነው። አንተ ብትሆን «ውሃው ቆሸሸ» ብለህ ታልፍ ነበር። እሱ ቤተ ሙከራ ገባ፣ መዘነ፣ በጠበጠ፣ በስንት ውሃ ስንት እንዶድ ብሎ ለካ። እ.ኤ.አ. በ1989 ከለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ብዙዎች አማራጭ ኖቤል የሚሉትን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበለ። እንዶዱን ሁሉም አይቶታል። የለካው ግን የተማረው ነው።

«እሺ፣ ለፈተናው ሁለት ወር ሲቀረው ትቸክላለች፣ ምን ችግር አለው?» አሁን ነው ያገኘሁህ! ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ሲሰጥ ከፈተናው ግማሽና በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ነበር። በ2015 ዓ.ም. 3.2። በ2016 ዓ.ም. 5.4። ይህን ቁጥር ይዤ በልጆቹ አልስቅም፤ ስንቱ አንዲት የሙከራ ቱቦ በእጁ ሳይነካ ነው ስለ አሲድ የተጠየቀው። እኔ የምይዘው አንተን ነው። ሌላ ባይኖራት ጊዜ ነበራት፤ እሱንም «ቆይ ትደርሺበታለሽ» እያልክ በላኸው። ሽምደዳ ፈተና ድረስ ይሸኛል፣ እዚያ በር ላይ ይሰናበታል። ቀመሩን ሸምድዶ የገባ ልጅ ጥያቄው ኪሎውን ወደ ግራም ቢቀይርበት ባዶ እጁን ይቀራል።

በእኛ ሰፈር ጎበዝ ተማሪ ሰቃይ ይባላል፤ ኤውን ስለሚሰቅል። አንተ ደግሞ «መሰቃየት ምን ይሠራል» ትላለህ። ስማኝማ! ተማሪ ሳለ ያልሰቀለ፣ ፋርማሲስት ሲሆን ያሰቃያል። በክፍል ሰቃይ የሌለበት አገር በፋርማሲ ስቃይ አያጣም። ምረጥ!

ገባች እንበል፣ ዩኒቨርሲቲ። አበቃ? ገና ነው! የመጀመሪያው ዓመት እንደገና ሒሳብ፣ እንደገና ኬሚስትሪ፣ እንደገና እንግሊዝኛ። የዲፓርትመንት ምደባው በዚያ ዓመት ውጤት ይታያል፤ ፋርማሲ የፈለገ ሁሉ ፋርማሲ አይደርሰውም። ከደረሳት ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ፣ ባዮኬሚስትሪ፣ ፊዚዮሎጂ፣ ፋርማኮሎጂ፣ ፋርማኮግኖሲ እየተግተለተሉ ይመጣሉ። በጠቅላላው አምስት ዓመት። መጨረሻ ላይ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና አለ። ከዚያ ደግሞ የሙያ ፈቃድ ፈተና። መግቢያ ፈተና፣ መውጫ ፈተና፣ ፈቃድ ፈተና! አንተ «አውርዶ መስጠት» ላልከው ሥራ ሦስት በር ተሠርቶለታል። ለአንተ ምክር ግን አንድም በር አልተሠራለትም፣ ለዚህ ነው ባገኘኸው ቡና ላይ የሚፈስሰው።

«ብቻ እንደ ምንም ትለፍ» አለ። ይህቺ ናት የመጨረሻው ጥይትህ? እሺ፣ ማለፍን እንነጋገር። ልጅቷ ሳትረዳ ብታልፍ፣ ታማሚው ሳይረዳ ያልፋል። እሷ ስታልፍ ድግስ ነው። እሱ ሲያልፍ ድንኳን ነው። ሁለቱም ቤት ወጥ ይሠራል፣ አንተም ሁለቱም ቤት ትበላለህ፤ ሥራህ ማውረድ አይደል!

በል ሲኒህን አስቀምጥ። ከጋሽ አውርዴ ጋር ጨርሻለሁ፤ አሁን ወሬዬ ከልጆቹ ጋር ነው።

አንቺ ፋርማሲ የምታልሚው፣ አንተም ከጎኗ ያለኸው፤ ከባድ ነው ብዬ ላስፈራራችሁ አልመጣሁም። ለዚህ ሁሉ ስሌት የሚያስፈልገው አራቱ መደቦችና የመለኪያ ጥንቃቄ ነው። ስትሠሩ ከቁጥሩ ጎን መለኪያውን ጻፉ፤ በእያንዳንዱ መስመር፣ እስከ መልሱ ድረስ። ሞልን ለጓደኛችሁ አስረዱት፤ ካልገባው እናንተም አልገባችሁም፣ ተመለሱ። የድሮ ፈተናዎችን ሥሩ፣ ግን ምዕራፉን ከጨረሳችሁ በኋላ። ቤት ያለ የመድኃኒት ካርቶን ውስጥ የታጠፈችውን ወረቀት አውጡና አንብቡ፤ ክኒኑን ሳትነኩ። ያልገባችሁን ቃል አስምሩበት፤ በሚቀጥለው ዓመት ያ መስመር ምን ያህል እንደሳሳ ታዩታላችሁ። ፋርማሲ ስትሄዱ ደግሞ ነጭ ካፖርት የለበሰችውን ጠይቋት፤ ሰው ካልበዛባት በደስታ ትነግራችኋለች።

ወላጆች፣ እናንተም «ምን ያደርግልሻል» የሚል ዘመድ ሲመጣ ቡናውን ስጡት፣ ደብተሩን ግን አትስጡት።

የ9ኛ ክፍል ኬሚስትሪ ሁለተኛው ምዕራፍ ስለ መለኪያ ነው። ዛሬ ማታ ከዚያ ጀምሩ።